ወደ ቂብላ የዞረው አልጋ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ደርግ ከገባ በኋላ ነው። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚቀርበት ክፉ ጊዜ አልፏል ቢባልም ከልባችን ገና አልወጣም ነበር፤ የሰሜኑ ጦርነትም ሰው መጥራት ጀምሯል። ባለቤቴን ስጠይቃት «ሁለተኛዋን ልጅ ያረገዝኩ ጊዜ ነው» ትላለች። ታላቅ እህቴ ደግሞ «የለም፣ ልጅቷ ድክድክ ትል ነበር» ትላለች። ሁለቱን ማስታረቅ ስላልቻልኩ ዓመቱን ትቼዋለሁ። በጋ እንደነበር ብቻ እርግጠኛ ነኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ጡረታ የወጣሁ ቀን የተጠየቅሁት ጥያቄ ነው። የዋርዱ ልጆች ጋቢ አለበሱኝና ለስላሳ ተከፈተ። አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች፣ አዲስ አበባ ሄዳ የአንጎልና የአከርካሪ በሽተኛ አያያዝ ተምራ የተመለሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሄን ሥራ የት ሠለጠኑ?» አለችኝ።

«አንሶላ ክፍል» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቀርቻለሁ፤ ከዚያ አስኳላ ገብቼ ስድስተኛ ክፍል ላይ አባቴ ታመመብኝና አቆምኩ። ሥራ የጀመርኩት ደጋን፣ መንገድ ዳር ባለች ክሊኒክ፣ መርፌ በመቀቀልና ቁስል በማጠብ ነው። አለቃዬ የነበሩት ጤና ረዳት ጠዋት ስገባ ሰላም ከማለታቸው በፊት «እጅህን አሳየኝ» ይሉ ነበር። ጥፍሬን አይተው ነው ሰላምታዬን የሚቀበሉት። ከደጋን ወደ ሐርቡ ተዛወርኩ። ሐርቡ ቆላ ነው፤ ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ ሰው ሁሉ ለእኛ ወባ ነበር። ከወባ ሌላ ሰውን የሚያስቃዥ ነገር እንዳለ ያወቅሁት ቁስል አሳሪ ድሬሰር ተብዬ ደሴ፣ ቀዶ ሕክምና ዋርድ ከገባሁ በኋላ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፤ የሞቱትም የቀሩትም ሰዎች ቤተሰብ አላቸው። ደመወዙ ቤት ያስተዳድር ነበር፣ በጭንቅ።

ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ የተገለበጠ መኪና ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ጭንቅላቱ የተመታ፣ አከርካሪው የተሰበረ፣ አንገቱ የተሰበረ። እኛ ደግሞ ምንም አናውቅም። የወደቀን ሰው ብድግ አድርጎ ማስቀመጥና ውሃ ማጠጣት ነው ከልጅነታችን የምናውቀው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ነርስ ተመደበችልን። ሁላችንም «ሲስተር» ብቻ ነበር የምንላት። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። በመጣች በሳምንቷ እኔን፣ ሌላውን ድሬሰርና የዋርዱን ጽዳት ሠራተኛ አንሶላ ክፍል ሰበሰበችን። ጽዳት ሠራተኛዋን «እትዬ» ነበር የምንላቸው፣ የሐይቅ ከተማ ሴት ናቸው፣ ምላሳቸው የሚፋጅ።

«እኔ የምይዘው መወልወያ ነው፤ የሰው አንገት ምን አገባኝ?» አሉ እትዬ።

«እሁድ ዋርዱ ውስጥ ማን አለ?» አለች ሲስተር።

«እኔና ይሄ እንድሪስ።»

«በቃ፣ አንድ ሰው ለማገላበጥ አራት ሰው ያስፈልጋል። እርስዎ እግር ይይዛሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ እንማር ነበር። ደሴ ብርድ ነው፤ ሌላው ድሬሰር በሩን ሊዘጋ ሲነሳ ሲስተር «ይከፈት» አለች። «ዘግተን ብንገኝ ምን ስታደርጉ ነበር ሲሉን ምን እንላለን?» አለችው። እውነቷን ነው። በዚያን ጊዜ ሰው መሰብሰብ የሚችለው በተጠራ ስብሰባ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ተከፍቶ፣ ብርዱ እየገባ፣ ኮሪደር ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እሷ ድምጿን ከፍ እያደረገች እንማር ነበር። 

አንድ ልማድ ነበራት። ለበሽተኛ የምናደርገውን ሁሉ መጀመሪያ በእኛ ላይ ታደርገው ነበር። በጀርባዬ አስተኝታ፣ ከጆሮዬ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት አስደግፋ፣ «አሁን ኮርኒሱን እያየህ ቆይ፣ አፍንጫህን ቢበላህም አትከክ» ትለኛለች። ጥቂት ስቆይ ሌሎቹ ሳይነግሩኝ ያዙኝና ገለበጡኝ። ልቤ ቀጥ አለ። «አየህ፣» አለችኝ፣ «በሽተኛም እንደዚህ ነው የሚደነግጠው። ቢሰማህም ባይሰማህም ስሙን ጠርተህ፣ ማን እንደሆንክ ነግረህ፣ ምን ልታደርገው እንደሆነ ነግረህ ነው የምትነካው።» የእትዬ ተራ ሲደርስ ግን ተነሱ ብንላቸው እምቢ አሉ። «ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጎኔ ያረፈው ዛሬ ነው፤ ተዉኝ» አሉና አሳቁን።

አንገት ምን እንደሆነ ያስረዳችን በሸምበቆ ነው። በቀጭን ሸምበቆ ውስጥ የጥጥ ፈትል አስገብታ ሸምበቆውን በእጇ ቀጭ አደረገችው። ስንስበው ፈትሉ አልተበጠሰም። «አጥንቱ ተሰብሯል፣ ፈትሉ ግን ደህና ነው። ይሄ ሰው ሊድን ይችላል» አለች። ከዚያ የተሰበረውን ጫፍ ትንሽ ጠመዘዘችው። ፈትሉ በስለቱ ተቆረጠ።  ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገላበጥ ራስ የያዘው ብቻ ይቆጥራል፤ ትከሻ፣ ዳሌና እግር የያዙት በእሱ አፍ አብረው ይዞራሉ፣ እንደ አንድ ግንድ።

የጭንቅላት በሽተኛ መንቃቱን የምናውቅበትንም አስተማረችን። በእጅ ባትሪ ዐይን ማየት፣ እጅ ጨብጥ ማለት፣ ከዚያ ጥያቄ መጠየቅ። ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ከማን ጋር ነበርክ። የተማረችበት መጽሐፍ እንዲህ ይል ነበር መሰለኝ። አባ ሙሄ የሚባሉ የቃሉ አውራጃ ገበሬ ከጭነት መኪና ላይ ሐረጎ ወድቀው አንገታቸው ተሰብሮ፣ ጭንቅላታቸውም ተመቶ መጡ። ጠዋት ሲያወሩ ነበር። ከሰዓት ሄጄ ስማቸውን ብጠይቅ ዝም። ከየት መጡ ብል ዝም። ከማን ጋር ነበሩ ብል ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ብዬ እየሮጥኩ ሲስተርን ጠራኋት።

መጣች፤ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «አባ፣ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት ነው?» አለቻቸው።

አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። «ተምች በላው።»

«ታዲያ እንድሪስ ሲጠይቅዎት ለምን ዝም አሉ?»

አባ ሙሄ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ስም ጠያቂ በዝቷል» አሉ።

ሲስተር ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ስምና አብሮ የነበረ ሰው መጠየቅ አቆምን። ስለ እርሻ፣ ስለ ገበያ፣ ደሴ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል፣ ይህን ነበር የምንጠይቀው። ይሄን በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁትም።

አባ ሙሄ በሳምንቱ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ደስ አለን። ከዚያ አንድ ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ሲስተር ኦፕራሲዮን ክፍል ነበረች፤ እኔን ዶክተሩ መድኃኒት ቤት ልኮኛል። ወንድሞቻቸው ሊጠይቁ መጥተው ሲያዩአቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ዐይናቸውም ወደ ላይ ሄዷል። ሰከራት መጣ አሉ፤ የሞት ጣር ማለት ነው። እኛ ሙስሊሞች ሰው ሊሞት ሲል ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ እናዞራለን፤ ለወገናችን የምናደርገው የመጨረሻው ውለታ ነው። የአሸዋ ከረጢቱን አነሱ፤ ራሳቸውን በሁለት እጅ፣ በፍቅር፣ ቀስ አድርገው ወደ ቂብላ አዞሩት።

ስመለስ ለሟች የሚቀራውን ያሲን እየቀሩ ነበር። አባ ሙሄ አይተነፍሱም። ታላቅ ወንድማቸው እጄን ይዞ «አላህ ይስጥህ። በደንብ ያዛችሁልን፣ ሳይሰቃይ ሄደ» አለኝ።  «አላህ ይዘንለት» አልኩ። ትኩሳቱ ገዳይ አልነበረም፤ አንገታቸው ሲዞር ፈትሉ ተቆርጦ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና ሲስተር ብቻ ነን። ሳንናገር ቀረን፤ እስከ ዛሬም ብንነግራቸው ኖሮ ለማን ይጠቅም ነበር እላለሁ።

ሲስተር አንሶላ ክፍል ገብታ ከተከመረው አንሶላ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆምኩ።

«ለዘመዶች እንዳይነኩ እንነግራለን» አለች።

«ሲስተር፣ እኔም አባቴን እንዲሁ ነው ያዞርኩት። በዚያ ሰዓት ሐኪም ቢናገርም ንጉሥ ቢናገርም አልሰማም ነበር።»

 ከዚያ «ቂብላ በየት ነው?» አለችኝ። በመስኮቱ በኩል አሳየኋት። ዋርዱ ገባች፣ ባዶውን የአባ ሙሄን አልጋ አየች፣ መስኮቱን አየች። «አንገቱን ከሚያዞሩት አልጋውን እኛ እናዙረው» አለች።

እኔም የሰፈራችንን ሼህ ጠየቅኋቸው። በጀርባው የተኛ ሰው እግሩ ወደ ቂብላ ሆኖ ራስጌው ከፍ ካለ ፊቱ ዞሯል ማለት ነው አሉኝ። ትራስ ግን ለተሰበረ አንገት አይሆንም። ስለዚህ ከራስጌው የአልጋ እግሮች ሥር ጡብ አስገባን። ደግሞ ለዚህ በሽታ ራስ ላይ ብረት ገብቶ በገመድ ሸክም ሲንጠለጠል፣ ሸክሙ ሰውየውን ወደ ላይ እንዳይጎትተው ራስጌው ከፍ ማለት አለበት። ጡቡን ሕክምናውም ሃይማኖቱም ፈለጉት። ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ዘመድ ጠበል ለማጠጣት ራስ ቀና እንዳያደርግ በጠበል በራሰ ጥጥ ከንፈር ማርጠብ አስለመደችን። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው አልጋው ወዴት እንደዞረ ነበር። እንዲህ ያየ ዘመድ እጁን ይሰበስባል።

ሲስተር ብዙ አልቆየችም። ለሰሜን ግንባር ተጠራች። ጠዋት በወታደር መኪና ከሌሎች ጋር ስትሳፈር እስከ ደሴ ፒያሳ ድረስ ሸኘናት። «ትምህርቱን እንዳታቋርጡ፣ ጋሽ እንድሪስ። ራስ የምትይዘው አንተ ነህ» አለችኝ። ተመልሳ አልመጣችም። ወሬዋንም የነገረኝ የለም።

ሰይድ የሚባል ልጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን ሲሠራ ከጣራ ወድቆ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። አንገቱ ተሰብሯል፣ ፈትሉ ግን ደህና ነበር። እግሩን ስነካው «እንደ ጉንዳን ይለኛል» አለኝ። ዶክተሩ ራሱ ላይ ብረቱን አስገብቶ ሸክሙን ሰቀለና «ካልተነቃነቀ ይገጥማል። ከተነቃነቀ ግን የሱ ነገር አበቃ» አለኝ። አልጋውን ወደ ቂብላ አዞርን፤ ጡቡን አስገባን። እናቱ እመት ዘሀራ ከሐርቡ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የሆስፒታሉ ካድሬ ገባ። ጓድ በላቸው እንበለው፤ ስሙ እሱ አይደለም። ጮኾ አያውቅም፤ የሚያስፈራውም ያ ነበር። በረድፍ ከተደረደሩት አልጋዎች መካከል ተገንጥሎ የተጋደመውን የሰይድን አልጋ አየና ቆመ።

«ጓድ እንድሪስ፣ ይሄ አልጋ ለብቻው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ለሕክምናው ነው ጓድ።»

«ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ። አልጋ በየት ቢዞር ለአንገት ለውጥ የለውም ብሎኛል።»

ዶክተሩ እውነቱን ነው። 

«እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት» አለ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ሃይማኖት የግል ነው። አልጋው ግን የመንግሥት ነው። ከሰዓት ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከረድፉ ገብቶ ላግኘው።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

 ጎረቤታችን የነበረ መምህር «ለአንድ ጥያቄ ነው» ተብሎ ተጠርቶ እንደወጣ ቀርቷል። ሚስቱ እራቱን ከድና ስትጠብቅ አይተናል። ያ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ። ልጆቼ መጡብኝ። አልጋውን ረድፍ ውስጥ ለማስገባት ወሰንኩ፤ ወስኜም ሄድኩ።

ሰይድ ያን ቀን ትኩሳት ነበረው። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ሁለት አጎቶቹ ከሐርቡ መጥተው ግርጌው ቆመዋል።

«ትኩሳት ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አሉኝ እናቱ፣ ሌላውን ስሙን መጥራት ፈርተው።

«ትኩሳት ነው እናቴ። አብሽሩ።»

«እኔስ ቢመጣም ይኸው ዞሮልኛል። አልነካውም።»

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። አልጋው መሽከርከሪያ የለውም፤ ሲጎተት ይንገጫገጫል፣ ሸክሙም ይወዛወዛል። ሰይድ ኮርኒሱን እያየ «ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ልታደርገኝ ነው?» አለኝ። ሲስተር ያስተማረችኝን እንኳ ረስቼ ሳልነግረው ነው የነካሁት።

«አልጋውን ላስተካክለው ነው። ትእዛዝ ነው።»

ታላቁ አጎት ጠጋ አለ። «ወንድምዋ፣ አልጋው ከዞረ እኛ ልጁን እናዞረዋለን። እንዲህ ታሞ ጀርባውን ለቂብላ ሰጥቶ አንተወውም። ወላሂ አንተወውም።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ እያለቀሰ ነበር። እጄ ከብረቱ ላይ ቀረ፣ መሳብም መልቀቅም አቃተኝ። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል።

«አንተ፣ እጅህን ከአልጋው አንሳ።»

«እትዬ፣ ልጆች አሉኝ።»

«እኔ የለኝም» አሉ። «ነበረኝ።»

ልጃቸው በዚያ በክፉው ጊዜ የተወሰደ፣ አንድ ነበር። ከዚያ በፊት ስሙን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።  ጠረጴዛ ጎትተው በረድፉ መካከል ባዶ የቀረው ቦታ ላይ፣ የሰይድ አልጋ ሊገባበት በታዘዘው ቦታ አቆሙ። መወልወያቸውን ባልዲ ውስጥ ነከሩና ጠረጴዛው ላይ ወጡ። በዚያ ዕድሜ። ኮርኒሱ አቡጀዴ ጨርቅ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ነው። እያመላለሱ አረጠቡት፤ ጨርቁ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ታች አበጠ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ሥራዬን።»

ወርደው ጠረጴዛውን መለሱ፤ ባልዲውን ከሚንጠባጠበው ሥር አኖሩ። ሰይድ ምን እየሆነ እንደሆነ ማየት አይችልም፤ ጆሮውን ብቻ ጥሎ «ዝናብ ነው?» አለ። እናቱ «ዝም በል፣ ረህመት ነው፣ የአላህ እዝነት» አሉት።

ካድሬው እንግዶቹን ይዞ ሲገባ ጠብታው ጠብ፣ ጠብ ይላል። አልጋውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ጓድ እንድሪስ።»

 አልጋው ግርጌ ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

«አልጋውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ» አሉ እትዬ መወልወያቸውን ተደግፈው። «ውሃ በሽተኛው ላይ ሲወርድ ቆሜ ላይ?»

«በበጋ?» አለ ካድሬው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«እኔ ወለል ነው የምጠርግ፤ ጣራ አላውቅም። ይኸው ይወርዳል።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ሸምገል ያለ ሰው፣ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ። ጠብታው ጫማው ላይ አረፈ። ሰውየው ጫማውን አየ፣ ካድሬውን አየ። «ይሄ መቼ ነው የሚጠገነው?» አለው።

ካድሬው መወልወያውን አየው። ጫፉ ላይ የኖራ ነጭ ነበር። እኔም አየሁት፤ እሱም እንዳየ አየሁ። እውነቱን ቢናገር በእንግዶቹ ፊት ጽዳት ሠራተኛ ተጫወተችበት ማለት ነው። «በዚህ ሳምንት ይጠገናል» አለ። ለእኔ ደግሞ «እስከዚያ አልጋው አይነካ» አለኝ። ወጡ።

የሚያስቅ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ፤ ያኔ የሳቀ አልነበረም። እትዬ ወለሉን ወልውለው ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ቀበሌ ተጠሩ። ስንት ቀን እንደቆዩ አላስታውስም፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ለእኔ ነው እያልኩ አሳለፍኩት። እራት አልበላ አለኝ። የእሳቸውን ወለል እኔና ሌላው ድሬሰር ስንወለውል ከረምን። አንድ ጠዋት ስገባ መወልወያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከስተዋል፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ ማንሳት አይችሉም። ምን አደረጓቸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። «እግር የሚይዝ አገኛችሁ እንዴ፣ ወይስ ተራዬ ነው?» አሉ። ተራቸው ነበር። ሰይድን ልናገላብጠው ቆመናል። እኔ ራሱን ያዝኩ። «ሰይድ፣ እንድሪስ ነኝ፤ አሁን ወደ ግራህ እናዞርሃለን» አልኩትና ቆጠርኩ፤ እሳቸው በደህናው እጃቸው እግሩን ይዘው አብረው ዞሩ።

ሰይድ አንገቱ ገጠመ። ከሆስፒታሉ የወጣው በምርኩዝ ነው፤ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። እናቱ የሐርቡን መኪና ሊይዙ ሲወጡ አጎቱ እጄን ስሞ አመሰገነኝ። ምስጋናው ወደየት መሄድ እንዳለበት ያን ቀን በሰው ፊት መናገር አይቻልም ነበር። ዛሬ ይቻላል። ሥራውን ያስተማረችኝ ሲስተር ናት። ያን ቀን ግን ለሰይድ አንገት፣ ለእኔም ለልጆቼም የቆሙልን የሐይቋ ሴት፣ የዋርዳችን ጽዳት ሠራተኛ፣ ወይዘሮ አስካለ ተሰማ ናቸው።